መድኃኒት የተላመዱ የውጭ ጥገኞች፦ የመዥገር፣ የቅማልና የእከክ ታሪክ

በአማርኛ «ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል። አባባሉ ለንግግር የሚመች ቢሆንም አሳሳች ነው። አንድ ቅማል ወይም አንድ መዥገር በዕድሜው መርዝ አይለምድም፤ ይሞታል። የሚሆነው ሌላ ነው። በተፈጥሯቸው መርዙን የሚቋቋሙ ጥቂት ተባዮች ከብዙዎቹ መካከል አስቀድመው ይኖራሉ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጠርጎ ሲያጠፋ እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ ይህንኑ በሰውም በእንስሳትም ላይ ደጋግሞ አሳይቷል (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ችግሩ ቀድሞ ጎልቶ የታየው በከብቶች ላይ ነበር። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ከብቶችን አርሴኒክ በተበጠበጠበት ገንዳ መንከር ዋነኛው የመዥገር መከላከያ እየሆነ መጣ። ዘዴው ለአርባ ዓመት ያህል ሠራ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግን ከገንዳው በሕይወት የሚወጡ መዥገሮች በሁለቱም አገሮች ታዩ። አርሴኒክ ለከብቱም መርዝ ስለሆነ መጠኑን እንደልብ መጨመር አልተቻለም። ከዚያ በኋላ ዲዲቲና ሊንዴን ተተኩ፤ እነርሱም አርሴኒክ የቆየውን ያህል አልቆዩም።

በሰው ላይ የነበረው ተስፋ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ቻርልስ ኒኮል በ1909 ቱኒስ ውስጥ ታይፈስን (ተስቦን) የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን ካረጋገጠ ጀምሮ ቅማልን ማጥፋት ወረርሽኙን መግታት እንደሆነ ታወቀ። ፖል ሙለር በ1939 የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት አገኘ። በ1943 እና በ1944 መካከል ባለው ክረምት በኔፕልስ ከተማ ታይፈስ ሲነሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በልብሳቸው ውስጥ ጸረ ቅማል ዱቄት፣ በተለይም ዲዲቲ፣ ተነፋባቸውና ወረርሽኙ ተገታ። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1950–51 ክረምት፣ በኮሪያ ጦርነት መካከል ዲዲቲ በወታደሮች ልብስ ውስጥ ያለውን ቅማል መግደል እንደተሳነው ታየ።

ከዚህ የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርት፣ መድኃኒቱ አዲስ ሲሆን የሚያጠቃው የአካል ክፍል ግን አሮጌ ሊሆን መቻሉ ነው። ዲዲቲም ሆነ ፐርሜትሪን የሚሠሩት በተባዩ ነርቭ ላይ ባለው የሶዲየም መተላለፊያ በር ነው። በሩ በዘር ለውጥ ከተበላሸ ሁለቱም ሊከሽፉ ይችላሉ። በ1990ዎቹ ፐርሜትሪንን የሚቋቋም የራስ ቅማል በተለያዩ አገሮች ሲገኝ የተስተዋለው ይኸው ነው።

አይቨርሜክቲን ደግሞ በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው። በ1981 ለእንስሳት፣ በ1987 ደግሞ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል ለሰው ዋለ፤ ለእከክም ጠቀመ። ሆኖም በ2001 ከብራዚል መድኃኒቱን የሚቋቋም የከብት መዥገር ተዘገበ። በ2004 ደግሞ በሰሜን አውስትራሊያ፣ ቅርፊት በሚሠራው ከባድ የእከክ ዓይነት ለዓመታት እየተመላለሱ በታመሙና መድኃኒቱን እጅግ ብዙ ጊዜ በወሰዱ ሁለት ሕሙማን ላይ አይቨርሜክቲንን የሚቋቋም የእከክ ተባይ መኖሩ ተረጋገጠ።

የከብት መዥገር ያገኘው ኃይል ወደ ሰው ቅማል አይተላለፍም፤ ዝርያቸው የተለያየ ነው። የጋራ የሆነው መድኃኒቱና የአጠቃቀም ስሕተቱ ነው። ክብደቱ ሳይገመት ግማሽ መጠን የተሰጠው በግና ቅባቱን እጁ ላይ ብቻ ቀብቶ የተወ ሕመምተኛ የሚያተርፉት ጠንካራውን ተባይ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካዎች የበግ ቅማልና ሌሎች የውጭ ጥገኞች በሌጦ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት «እከክ» ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። በ2015 እና በ2016 ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች የሰው እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቅቷል። በእጅ ያሉት መድኃኒቶች ግን ጥቂት ናቸው፦ ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞዌት፣ የድኝ ቅባትና አይቨርሜክቲን።

ስለዚህ እከኩ ያልዳነ ሕመምተኛ ሲመለስ «ተባዩ መድኃኒቱን ተላምዷል» ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ቅባቱ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ተዳርሷል ወይ? ሕክምናው በታዘዘው ጊዜ ተደግሟል ወይ? ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ታክሟል ወይ? ብዙውን ጊዜ መልሱ ከነዚህ በአንዱ ይገኛል። ተባዩ በእርግጥ መድኃኒቱን ሲቋቋም ደግሞ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም የኮሪያንና የአውስትራሊያን ታሪክ መድገም ነው።

የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። እናቶች ልብስ ሲቀቅሉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም፤ የፈላ ውኃን የተላመደ ቅማል እስከ ዛሬ አልተገኘም።