ባሕር ዛፉ ለምን ጸደቀ፣ ማንጎው ለምን ደረቀ?

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላንሳ።

ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተቸግራ ነበር። ቶሎ ከተስፋፋበት ምክንያት አንዱ፣ ቅጠሉን ፍየልም ሚዳቋም ስለማይደፍሩት ነው። ጠባቂ አልፈለገም።

ማንጎና አቮካዶ ግን እንደዚያ አይደሉም። አባቶቻችን ማሳቸውን ከአውሬ የጠበቁት ማማ ሠርተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ በእሾህ አጥረው ነው። ማማው ላይ የሚውለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ መዋልም ያለበት እዚያው ነው። ስለዚህ የልጁን ሥራ አጥር ይሥራልን።

መጀመሪያ አጥፊውን እንለይ፦

- ግንዱ ከታች ተልጦ ሰፊ የጥርስ ምልክት ካለበት ጃርት ነው።
- ቀንበጡ በቢላ እንደተቆረጠ ሰያፍ ከሆነ ጥንቸል ናት።
- ጫፉ ተቦጭቆ ከተንጨፈረረ ሚዳቋ ወይም ፍየል ነው፤ ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ጎትተው ነው የሚበጥሱት። ኮቴውን እዩ።
- ችግኙ ጠውልጎ፣ ሲስቡት ያለ ሥር ከመጣ ፍልፈል ነው።

እያንዳንዱን ችግኝ በግራር እሾህ ወይም በዶሮ ሽቦ እንጠር። ጃርት ስለሚቆፍር ሽቦውን አንድ ስንዝር ያህል እንቅበረው። ዙሪያውን አረሙን እንመንጥር፤ መደበቂያ ያጣሉ። መርዝ ግን አደራ! ውሻችሁንም ይገድላል። ዝንጀሮን አጥር ብቻ አይመልሰውም፤ ከጎረቤት ጋር በተራ መጠበቅ ነው።

የባሕር ዛፉ ዕድል ማንጎው የለውም። ያለው እኛን ነው። ቸር እንሰንብት!