ከዜና መዋዕል የወጣችው ሐኪም

የኮሪያ የጆሰን ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1863 የነገሡ የ25 ነገሥታትን ታሪክ ይዟል። ጸሐፊዎቹ ያለ ፍርሃት እንዲጽፉ፣ ንጉሡ ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዳያነብ ደንቡ ይከለክለው ነበር።

ከ1506 እስከ 1544 የነገሠው የጁንግጆንግ ታሪክ ላይ ጃንግ ግም የምትባል ሴት ሐኪም አልፎ አልፎ ትነሳለች። ንጉሡን ማከሟ ተጽፏል፤ የት እንደተወለደችና ማን እንዳሳደጋት ግን አንድም ቃል የለም።

የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2003 ማሳየት የጀመረው ድራማ «ዴ ጃንግ ግም» ይህን ባዶ ቦታ በ54 ክፍሎች ሞላው። ልጅቷ በቤተ መንግሥት ማድ ቤት ታድጋለች፣ በሴራ ትጋዛለች፣ ሕክምና ተምራ ትመለሳለች። የማድ ቤቱ ሕይወቷ የደራሲዋ የኪም ዮንግ ህዮን ፈጠራ ነው።

ምግቡ ግን እውነተኛ ነው። የመጨረሻዋ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ሃን ሂ ሱን ሙያዋን ለህዋንግ ህዬ ሶንግ አስተማረች፤ የህዋንግ ልጅ ሃን ቦክ ርዮ ደግሞ የድራማው የምግብ አማካሪ ሆነች። የኮሪያ መንግሥት ይህን ሙያ በ1971 በቅርስነት መዝግቦታል።

ታሪካዊ ድራማ የሚወድ ሰው ከ«ዴ ጃንግ ግም» ቢጀምር ይረካል። በተለይ ትንሿ ጃንግ ግም ሌሎቹ ሳያውቁት ምግቡን ያጣፈጠው የበሰለ ካኪ ፍሬ መሆኑን በምላሷ ብቻ የለየችበት ትዕይንት አያምልጠው።