ለሙታን ቤት የሠሩት አርክቴክት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ለመሆኑ ስም ብቻ ቀርቶ መቃብሩ መልክ ሲያጣስ ምን ይደረጋል? ሟቹ ካለፈ ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ የሌለ፣ የቀረው መጽሐፉ ብቻ ቢሆን፣ ምን ዓይነት ሐውልት ይቆምለታል? ይህን ጥያቄ ደጋግመው ተጠይቀው፣ ደጋግመው በድንጋይ የመለሱ አንድ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ኢራናዊው አርክቴክትና መምህር ሁሻንግ ሴይሁን ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴይሁን በ1920 በቴህራን ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት የሙዚቃ ቤት ነበር። የእናታቸው አባት ሚርዛ አብዶላህ ስመ ጥር የሴታር ተጫዋች ሲሆኑ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ በጆሮ ብቻ ሲተላለፍ የኖረውን የፋርስ ዜማ በተራና በስልት አደራጅተው ለትውልድ ያስተላለፉ ሊቅ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው በኋላ በሕንጻ ጥበብ የደከሙበትም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የቆየውን ሳይጥሉ አዲስ ነገር መሥራት።

ወጣቱ ሴይሁን የተማሩት በቴህራን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ነው። ፋኩልቲውን ይመሩ የነበሩት አንድሬ ጎዳር የተባሉ ፈረንሳዊ አርክቴክትና የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ነበሩ። ሴይሁን ከዚያ ወደ ፓሪስ ተሻግረው በታዋቂው የቦዛር ትምህርት ቤት ገብተው በ1949 ተመረቁ።

በዚያን ዘመን በኢራን በ1922 የተቋቋመ የብሔራዊ ቅርስ ማኅበር ነበር። በማኅበሩ የተሰባሰቡት ፖለቲከኞችና ምሁራን ዓላማቸው አገሪቱ የጥንት ሥልጣኔ ባለቤት መሆኗን በዓይን በሚታይ ነገር ማሳየት ነበር። በ1934 ቱስ ላይ ለባለቅኔው ፈርዶሲ ታላቅ የመቃብር ሐውልት ተመረቀ። ቀጥሎ ተራው የኢብን ሲና ሆነ፤ በ1037 በሐመዳን ከተማ ያረፈው፣ የሕክምና መጽሐፉ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩበት ያ ሐኪምና ፈላስፋ። ሥራው የተሰጠው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ለነበሩት ለሴይሁን ነበር።

ሴይሁን ምን አደረጉ? ሟቹ በሕይወት ሳለ የቆመ ሕንጻ ፈለጉ። በሰሜን ኢራን ንጉሥ ቃቡስ በ1006 ያሠራው፣ ጫፉ ሹል የሆነ ረጅም የጡብ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ኢብን ሲና ራሱ በወጣትነቱ የዚህን ንጉሥ ድጋፍ ፍለጋ ወደ ጎርጋን ተጉዞ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሳይገናኙ ቀሩ፤ ንጉሡ ተይዞ ታስሮ ሞቶ ነበርና። ሴይሁን ያንን ግንብ በ12 ምሰሶዎች ከፍለው፣ በመካከላቸው አየርና ብርሃን እንዲገባ አድርገው በሐመዳን አቆሙት። በሕይወት ዘመኑ ያልተገናኙት ሊቅና ንጉሥ በሥነ ሕንጻ ተገናኙ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ፍጹም የተለየ ነው። ናዲር ሻህ በፈረስና በሰይፍ ሕንድ ድረስ የዘመተ፣ ኑሮው በጦር ሰፈር የነበረ፣ በ1747 በገዛ መኮንኖቹ በድንኳኑ ውስጥ የተገደለ ንጉሥ ነው። ሴይሁን በመሽሐድ የሠሩለት መቃብር ግዙፍ ሻካራ ድንጋይ የተከመረበት፣ ጣሪያው ድንኳን የሚያስታውስ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ደስ ከመሰኘት ይልቅ ክብደት ይሰማዋል። ለእንዲህ ያለ ንጉሥ የሚገባውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዑመር ኻያምስ? የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ፣ የባለ አራት ስንኝ ግጥሞች ባለቤት። የ12ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ኒዛሚ አሩዚ እንደተረከው፣ ኻያም መቃብሩ ዛፎች አበባቸውን በሚያረግፉበት ቦታ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር፤ ጸሐፊውም ከዓመታት በኋላ ኒሻፑር ሄዶ መቃብሩ በአበባ ተሸፍኖ አገኘው። ሴይሁን ይህን ታሪክ ቃል በቃል ተቀበሉት። ሕንጻውን ከዛፎቹ ዝቅ ባለ ስፍራ በ10 እግሮች አቆሙት። ከየእግሩ የሚነሡት መስመሮች ወደ ላይ ሲወጡ እየተጠላለፉ ኮከብ ይሠራሉ። ኻያም ከባድ የሒሳብ ጥያቄዎችን በሚቋረጡ መስመሮች ይፈታ እንደነበር ለሚያውቅ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። በመስመሮቹ መካከል ክፍት ነውና በጸደይ የረገፈው አበባ እስከ መቃብሩ ይደርሳል። ይህም የናዲር ሻህም መቃብር በ1963 ተጠናቀቁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በሐመዳን የነበረው የቃጃር ዘመን መቃብር ፈርሷል። የሟቾቹም አፅም ከነበረበት ተነሥቷል። አዲሱ ሐውልት የሟቹን ያህል የአሠሪውን መንግሥት ክብር እንዲናገር ተፈልጎ እንደነበርም መካድ አይቻልም። አሮጌውን አፍርሶ አሮጌውን ማክበር ይቻላልን? ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ሴይሁን በ1960ዎቹ የተማሩበት ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ተማሪዎቻቸውን ከክፍል አውጥተው ወደ ገጠርና ወደ በረሃው ዳርቻ ይወስዱና የጭቃ ቤቱን፣ ጉልላቱን፣ ጠባቡን መንገድ በእጃቸው እንዲነድፉ ያደርጉ ነበር። እርሳቸውም በቀጭን ብዕር የነደፏቸው የመንደር ሥዕሎች ከሕንጻዎቻቸው ባልተናነሰ ይታወቃሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሆሴን አማናት ገና በ24 ዓመቱ በ1966 የውድድር አሸናፊ ሆኖ የቴህራንን የሻህያድ ግንብ ነደፈ። ግንቡ በጥቅምት 1971፣ የፋርስ ንጉሣዊ አገዛዝ 2500ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ተመረቀ። ለዚያ በዓል ከተጠሩት ነገሥታት አንዱ የእኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእርሳቸው ዙፋን ወደቀ፤ በ1979 ደግሞ የጋባዡ የሻሁ።

አብዮቱ የሻህያድን ግንብ አላፈረሰውም፤ «አዛዲ»፣ ማለትም ነፃነት ብሎ ስሙን ለወጠው። መቃብሮቹንም አልነካቸውም። የተነቀሉት ሰዎቹ ናቸው። ሴይሁን አገራቸውን ለቀው ካናዳ ቫንኩቨር ገቡ። ተማሪያቸው አማናትም የተሰደደው ወደዚያው ነበር። ሴይሁን በግንቦት 2014 በ93 ዓመታቸው እዚያው ቫንኩቨር አረፉ።

ለአገራቸው ታላላቅ ሙታን ማረፊያ የሠሩት ሰው በሰው አገር ሞቱ። ኒሻፑር ግን ዛሬም ጸደይ ሲመጣ ሰው ይጎርፋል፤ አበባ በነጩ ሕንጻ ክፍተት እያለፈ ይረግፋል። ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚፈልጉት ኻያምን እንጂ የሕንጻውን ሠሪ አይደለም። አርክቴክቱም ቢሆኑ የደከሙት ለዚሁ ነበር።