የሴቶች እግር ኳስ የውድድር ዘመንና የተጫዋቾቹ ትምህርት

አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ረገብ ሲል በሳቢያን ሜዳዎች ልጃገረዶች ኳስ ሲጫወቱ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ አንድ ቀን የክለብ ጥሪ ሊደርሳቸው ይችላል። ጥሪው በሚመጣበት ጊዜ አብዛኞቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመሆናቸው ውሳኔው የልጅቷ ብቻ ሳይሆን የእናትና የአባቷም ይሆናል። «የውድድር ዘመን» የሚለው ቃል በዜና ደጋግሞ ቢሰማም፣ ለአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና ለቤተሰቧ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። የሚከተለው ማብራሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ድሬዳዋ ለእግር ኳስ ባዳ አይደለችም። ከተማዋ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች እንደ መሆኗ፣ ኳሱም በሠራተኛ ሰፈሮቿ ውስጥ አብሮ አደገ። የጥጥ ፋብሪካው ክለብ በ1950ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ባዘጋጀችበት ጊዜ የአንደኛው ምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱት እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር እና በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ በከተማዋ ስታዲየም ተጫውተዋል። ይህ ሁሉ ታሪክ ግን የወንዶች ነው። የሴቶቹ መንገድ ዘግይቶ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ የከተማዋን ስም ይዞ በሴቶች ሊግ ሲወዳደር የቆየው ድሬዳዋ ከተማ የሴቶች ቡድን ነው።

በአገር ደረጃ ሉሲዎቹ በሚል ስም የሚጠራው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ1997 ዓ.ም. መባቻ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሆኖ አጠናቋል። በግማሽ ፍጻሜው በናይጄሪያ ተሸነፈ፤ የሦስተኛነቱን ደረጃ ደግሞ ጋና በመለያ ምት ወሰደችው። ቡድኑ በ2005 ዓ.ም. ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ወደተካሄደው ውድድርም አልፎ የነበረ ቢሆንም ከምድቡ መሻገር አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ተስፋው ይበልጥ የተጣለው በክለቦች ላይ ነው።

ዓመቱ እንዴት ያልፋል?

የሴቶቹ ጨዋታ ሕግ ከወንዶቹ አይለይም፤ ሜዳው፣ ኳሱ፣ ዘጠና ደቂቃውም አንድ ነው። የሚለየው የውድድሩ አደረጃጀት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው አንዱ ክለብ ወደ ሌላው ከተማ ሄዶ ተጫውቶ የሚመለስበትን አካሄድ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በኢትዮጵያ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው በርከት ያሉ ጨዋታዎችን በተከታታይ ሲያደርጉ ቆይተዋል። አዘጋጇ ከተማ ሀዋሳ ብትሆን፣ የድሬዳዋ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወርደው ለሳምንታት እዚያው ይቆያሉ። ለክለቡ የጉዞ ወጪን ይቀንሳል፤ ለዳኞችና ለአወዳዳሪዎችም ሥራውን ያቀልላል። ለተጫዋቿ ግን ከቤትና ከትምህርት ገበታ ለረጅም ጊዜ መለየት ማለት ነው። በእኔ ግምት ወላጆች ስለ ክፍያ ከመጠየቃቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባው ይህንን ነው።

የውድድር ዘመኑ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በቅድመ ዝግጅት ይከፈታል። ሩጫው፣ የጉልበት ልምምዱ፣ የአቋም መለኪያ ግጥሚያው ሁሉ በእነዚህ ሳምንታት ይጠቃለላል። ከዚያ የመጀመሪያው ዙር፣ ዕረፍት፣ የተጫዋቾች ዝውውር፣ ሁለተኛው ዙር ይከተላሉ። ሊጉ ሲዘጋ ሻምፒዮኑ ክለብ ዕረፍት የለውም፤ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን ማጣሪያ በክረምት ይጠብቀዋል። በገበሬ አነጋገር፣ ሌላው እህሉን ጎተራ ሲያስገባ እርሱ ሁለተኛ እርሻ ይጀምራል።

የንግድ ባንክ አራት ክረምቶች

የዞኑ ማጣሪያ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማየት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን የተጓዘበትን መንገድ መከተል ይበቃል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግን ሲጀምር የመጀመሪያው የዞን ማጣሪያ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ኬንያ ላይ ተካሄደ። በአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው የሚመራው ቡድን እስከ ፍጻሜው ዘለቀ። አጥቂዋ ሎዛ አበራ በዚያ ውድድር ብቻ 13 ግቦችን አስቆጥራለች። ይሁን እንጂ በፍጻሜው የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 አሸንፎ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ዕድሉ የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ንግድ ባንክ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቆ በመለያ ምት ለሌላው የታንዛኒያ ክለብ፣ ለጄኬቲ ኩዊንስ፣ እጁን ሰጠ።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ማጣሪያው አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ግን ክለቡ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በፍጻሜ አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አህጉራዊው መድረክ አለፈ። በዚያው ዓመት የባንኩ የወንዶች ቡድንም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ ነበር። ቀጥሎ ሞሮኮ ላይ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር በተካሄደው ውድድር፣ ኋላ ሻምፒዮን ከሆነው ከኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ፣ ከግብፁ ኤፍሲ ማሳርና ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ ጋር ተመድቦ ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል። ሆኖም አንድ የኢትዮጵያ የሴቶች ክለብ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው።

ሎዛ አበራ ራሷ የተወለደችው በከምባታ፣ ዱራሜ ከተማ ነው። በሀዋሳ ከተማ፣ በደደቢት፣ በአዳማ ከተማና በንግድ ባንክ ተጫውታለች፤ ከአገር ውጭም በስዊድን፣ በማልታና በአሜሪካ ክለቦች ተሰልፋለች። ታሪኳ በየትንሹ ከተማ ላሉ ልጆች ተስፋ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንዲት ሎዛ ስትወጣ ስማቸው ሳይሰማ የሚቀሩት ብዙዎች ናቸው፤ ቤተሰብ ዕቅዱን የሚያወጣው ለብዙዎቹ ዕጣ እንጂ ለአንዷ ዕድል ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሙቀት፣ ደም፣ ጉልበት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። በዚህ አየር ልምምድ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ካልሆነ አይመከርም። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅም ስሕተት ነው፤ ውኃ ከልምምድ በፊት፣ በመካከልና በኋላ በየጥቂቱ መጠጣት አለበት። ብዙ ላብ ካለ ጥቂት ጨውና ስኳር የተጨመረበት ውኃ ይረዳል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የታየባት ልጅ ጨዋታውን አቁማ ጥላ ሥር ማረፍና ሰውነቷን በውኃ ማቀዝቀዝ ይኖርባታል። ከዚህ አልፎ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ወይም ራሷን ከሳተች ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ለደቂቃም መዘግየት የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ማነስ ነው። በወር አበባ ምክንያት ልጃገረዶች ከወንዶች የበለጠ አይረን ያስፈልጋቸዋል፤ ጠንካራ ልምምድ ሲጨመርበት ፍላጎቱ ከፍ ይላል። «ሰነፈች» የምትባል ተጫዋች አንዳንዴ ሰንፋ ሳይሆን ደሟ አንሶ ነው፤ ይህንንም በጤና ጣቢያ ቀላል የደም ምርመራ መለየት ይቻላል። በምግብ በኩል መፍትሔው ከጓሮ አይርቅም። ሥጋና ጉበት ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አሉ። ከእነዚህ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ መመገብ ይጠቅማል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደናቅፋሉ፤ ስለዚህ ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ይመረጣል። ቡና በሌለበት ጨዋታ የለም ለምትሉ የሐረርጌ ሰዎች ይህ ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። የጉልበትን መገጣጠሚያ ከውስጥ የሚያስረው ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ተጫዋቾችን ደጋግሞ ያጠቃል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በተጋጣሚ በመመታት ሳይሆን በሩጫ መሃል በድንገት ሲዞሩ ወይም ዘለው ሲያርፉ ነው። ከጉዳቱ ለማገገም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይወስዳል፤ አንድ የውድድር ዘመን ሄደ ማለት ነው። ፊፋ ያሠራጨው «11+» የተባለ የማሟሟቂያ ልምምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅና ከኳስ በቀር መሣሪያ የማይፈልግ ሲሆን፣ በመደበኛነት ሲሠራ ጉዳትን በጉልህ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። የሰፈር አሰልጣኞች ምንም ገንዘብ ሳያወጡ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ትምህርቱስ?

በአገራችን ክለብና ትምህርት ቤት ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ክለቡ የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ ወይም የድርጅት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የራሱ ሰሌዳ አለው። የትምህርቱ ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ይዘልቃል፤ ሊጉም የሚካሄደው በአብዛኛው በእነዚሁ ወራት ውስጥ ነው። ክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉበት ዕድሜ ደግሞ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ዕድሜ ነው። በተለይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ተፈታኟ ለቀናት እዚያው መገኘት ይኖርባታል። ጨዋታና ፈተና በአንድ ሳምንት ሲገናኙ አንዱ መቅረቱ የግድ ነው።

ለንጽጽር ሌላ አሠራር ማየት ይጠቅማል። ከሐረርጌ ምድር የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ተወዳጁ ስፖርት የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። በየወገኑ ስድስት ተጫዋቾች የብረት ስለት ባለው ጫማ በተጋገረ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በረጅም ዱላ ትንሽ ጠፍጣፋ ጎማ ወደ ግብ የሚልኩበት፣ ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ከ2005 ዓ.ም. መስከረም እስከ መጋቢት ባሳለፈው የውድድር ዘመን ያደረጋቸውን 41 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ቀላል ግን አልነበረም፤ በሩብ ፍጻሜው ኖርዝ ዳኮታን ያሸነፈው ሦስት ጭማሪ ሰዓት ተጫውቶ 3 ለ 2 ነው። በፍጻሜው ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 3 ረታ።

ከውጤቱ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው አደረጃጀቱ ነው። ተጫዋቾቹ ሁሉም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው። የሚጫወቱት ለዩኒቨርሲቲው ሲሆን፣ ብዙዎቹ በምላሹ የትምህርት ወጪያቸው ይሸፈንላቸዋል። የትምህርት ውጤቷ ከተወሰነው መጠን በታች የወረደ ተማሪ እንድትጫወት አይፈቀድላትም። ይህም በበጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በ1964 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የትምህርት ተቋም በፆታ እንዳያዳላ ስላስገደደ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ስፖርት በጀት መመደብ ግድ ሆነባቸው።

እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሜዳም የስፖርት ሳይንስ ትምህርትም አላቸው፤ ክለቦች ደግሞ ተጫዋቾች አሏቸው። ድሬዳዋ ላይ ሁለቱ በአንድ ከተማ ይገኛሉ። የልጆቹን ትምህርት ከውድድሩ ጋር አስማምቶ የሚያስኬድ ስምምነት ለመፈራረም ትልቅ ካፒታል የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከመፈረም በፊት

ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስትሆን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ውሉን ማንበብ፣ ካላነበበ ማስነበብ አለበት። በፊፋ ደንብ ለዕድሜ ያልደረሰ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል አይፈቀድም። ልጅቷ የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ጉዳት ቢደርስባት ሕክምናውን ማን እንደሚከፍልና በሕክምናው ጊዜ ደመወዟ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። የቃል ተስፋ ሲጨንቅ ምስክር የለውም።

ዕድሜያቸው ለገፋው ተጫዋቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፊፋ ደንብ ለባለሙያ ተጫዋቾች ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል። በፈቃዱ ጊዜ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ያላነሰ ይከፈላል። ተጫዋቿ ስላረገዘች ብቻ ውሏን ማቋረጥም አይቻልም። በተጨማሪም ካፍ በወንዶች አህጉራዊ ውድድር የሚሳተፉ ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲኖራቸው የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የሴቶቹ ቡድን ለክለቡ የችሮታ ጉዳይ አይደለም። ይህንን የሚያውቅ ወላጅ ከክለብ ኃላፊ ጋር ሲነጋገር አንገቱን ደፍቶ አይደለም።

ትምህርትን በተመለከተ፣ ልጅቷ በውድድር ምክንያት ስትቀር ክለቡ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍ እንደሆነ፣ ያመለጣትን ፈተና እንዴት እንደምትወስድ፣ ወደ ማታ ወይም ወደ ርቀት ትምህርት መዛወር ካለባትም መሸኛዋንና የውጤት ማስረጃዋን ማን እንደሚያስጨርስላት ከጉዞው በፊት መታወቅ አለበት። በገጠር ቀበሌዎች ያሉ ወላጆች ለዚህ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ ይመረጣል፤ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚደረግ ማመልከቻ ብዙ ያመላልሳልና።