የአሮጌው ካሚዮን ዲናሞ

የጦርነት ታሪክ በተጻፈ ቍጥር መድፉና ታንኩ፣ አውሮፕላኑም ይነሣል እንጂ፣ ስንቅና ጥይት ተሸክሞ ከኋላ የሚከተለውን የጭነት መኪና የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ካሚዮኑ ቢነሣ እንኳ ከሞተሩ ጎን ተሰቅሎ በቺንጋ የሚዞረውን ዲናሞ የሚያስታውስ የለም። እኛ ይህን ትንሽ ዕቃ መርጠን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ በአንድ ዘመዳችን እጅ የገባ አሮጌ የአሜሪካ ካሚዮን ዲናሞው ሲለወጥለት ሦስት ቀን አጠገቡ ቆመን አይተናል፤ በነዚያም ቀኖች የብዙ ዘመን ታሪክ ተገልጦልናል።

የዲናሞ ሥራው ሞተሩ ሲዞር ከኀይሉ ጥቂቱን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ፣ ባትሪውንም መሙላት ነው። ዲናሞው የሞተ እንደ ሆነ መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ ባትሪው ያጠራቀመውን እየበላ ይጓዛል። ማታ ግን መብራቱ ይደክማል፤ ሲነጋም ሞተሩ ተነሥ ቢሉት አይነሣም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከ500,000 በላይ የሠራችው ባለ 2 ቶን ተኩል ጂ.ኤም.ሲ. ካሚዮን የሚሠራው በ6 ቮልት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በየመኪናው የሚጫነው የራዲዮ መሣሪያ እየበዛ ስለ ሄደ ይህ አልበቃ አለ። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ገደማ መውጣት የጀመሩት የጦር መኪናዎች፣ ኤም 35 የተባለው ካሚዮን ጭምር፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት እንዲሠሩ ተደረገ። ግፊቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው ፍሰት ወደ ሩብ ስለሚወርድ ሽቦው ቢቀጥንም አይጎዳም። በየሽቦውም ጫፍ ቍጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ታሰረ፤ ይኸውም ቍጥሩን የተማረ ወታደር የትኛውንም መኪና ፈትቶ መግጠም እንዲችል ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ካሚዮኑ ለብዙ ዐሥር ዓመታት በሥራ ላይ ስለ ቈየ አካሉ በየጊዜው ተለወጠ። በመጀመሪያ 25 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ነበረው፤ ኋላ 60፣ ከዚያም 100 አምፔር የሚሰጥ አልተርኔተር ተተካ። የቀድሞው ዲናሞ መቈጣጠሪያው በሌላ ሣጥን ተቀምጦ በሽቦ ይገናኘዋል፤ ከአዲሶቹ መካከል ግን መቈጣጠሪያውን በሆዱ የያዘ አለ። መስቀያውም፣ ፑሌጃውም፣ የሽቦው መሰኪያም እንደየዓይነቱ ይለያያል። በአገራችን ደግሞ መካኒኮች ሁሉንም «ዲናሞ» ብለው ስለሚጠሯቸው ስሙ አንድ፣ ዕቃው ግን ልዩ ልዩ ሆኗል።

በዚህ ላይ የፖለቲካው ታሪክ ተጨመረ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1945 ዓ.ም. የመከላከያ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ከመሣሪያው ጋር የጭነት መኪናም መጣ፤ መለዋወጫውም ከዚያው ምንጭ ይቀዳ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ይህ ግንኙነት ተቋረጠና ሶቪየት ኅብረት በቦታው ገባ፤ ዚልና ኡራል የተባሉት ካሚዮኖችም መጡ። ዚል 131ና ኡራል 375 የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። እንግዲህ ጎን ለጎን ቢቆሙም አንዱ ለሌላው ዲናሞ ሊያውሰው አይችልም። የመንግሥታት ወዳጅነት ሲለወጥ ንግግሩ ባንድ ቀን ይለወጣል፤ ብሎኑና ሽቦው ግን የቀድሞውን ውል እንደ ያዘ ይቀራል።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን አሮጌውን ዲናሞ ማውለቅ ብቻ ጀንበር አጠለቀ፤ ዝገት የበላው ብሎን ከአንገቱ ተቈርጦ ቀርቶ ነበርና። በሁለተኛው ቀን ከገበያ የተገዛው ዕቃ ከመስቀያው አልገጥም ቢል ብረት ተበየደለት። ከተገጠመም በኋላ የባትሪውን ሁኔታ የሚያሳየው መርፌ ከቢጫው ወደ አረንጓዴው አልሻገር አለ። በማግሥቱ ሲመረመር ዕቃው ባለ 12 ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ ጽሑፉ በቀለም ተሸፍኖ ስለ ነበረ ማንም አላነበበውም። ለርሱ የተከፈለው ገንዘብ የዘመዳችን ያንድ ወር የቤት ቀለብ ነበር።

ባለ 24ቱ ተፈልጎ ሲመጣ ደግሞ በሽቦዎቹ ጫፍ ቍጥሩ የለም።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ይነሣልኝ ይሆን?» አለ ዘመዳችን።

ሽማግሌው መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ብረቱንስ ዐውቀዋለሁ፤ ከእኔ በፊት የነካው ሰው ያደረገውን ግን ከየት ልወቀው?» ሲሉ መለሱለት።

ከዚያም በአንዲት ትንሽ አምፖል እያንዳንዱን ሽቦ እየፈተኑ ዋሉ። ሊመሽ ሲል ሞተሩ ተነሣ፤ መርፌውም አረንጓዴው ላይ ቆመ። ዘመዳችን እንባው መጣ። እኛም የሽቦዎቹን አገጣጠም ጽፈውልን እንደ ሆነ ሽማግሌውን ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው በጣታቸው ግንባራቸውን ነኩ።

በዚያች ፈገግታ እጅግ አዘንን። እርሳቸው የተቸገሩት ከርሳቸው በፊት የነበረው ሰው ሳይጽፍ ስለ ሄደ ነው፤ እርሳቸውም ለሚቀጥለው ያንኑ ችግር ሊያወርሱት ነው። የብረቱን ዝገት ዘይት ይከላከለዋል፤ የዕውቀትን ዝገት ግን ከጽሕፈት በቀር የሚከላከለው የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የምንለዋወጥ እኛስ ለተተኪያችን ቍጥሩ የወደቀ ሽቦ ትተን የሄድነው ስንት ጊዜ ነው?

በዚያው ምሽት ሽማግሌው እየተናገሩ እኛ እየጻፍን የእያንዳንዱን ሽቦ ቦታ በወረቀት አሰፈርን። ወረቀቱም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከካሚዮኑ ወንበር ሥር ተቀምጧል።