ሳይንስ በሕፃናት ትምህርት ቤት

ብዙ ሰዎች ሳይንስ ለሕፃናት የሚሆን ትምህርት አይመስላቸውም። ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. ሪቻርድ ዶውዝ የተባሉ ቄስ በእንግሊዝ አገር፥ ኪንግስ ሶምቦርን በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያም የገበሬና የቀን ሠራተኛ ልጆች አብረው ተቀምጠው፥ የሚለብሱት ልብስ እንዴት እንደሚሠራ፥ የሚመገቡት ከየት እንደሚመጣ፥ በመንደራቸው ምን እንደሚበቅል እየመረመሩ ይማሩ ነበር። በሂቻም መንደርም የዳርዊን መምህር የነበሩት ጆን ሄንስሎው የድኻ ልጆችን የሜዳ አበባ እያስለቀሙ ክፍሎቹን ያስለዩአቸው ነበር።

ዳሩ ግን በ1862 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ደንብ አወጣ። ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ገንዘብ የሚበዛው፥ ልጆች በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና በሚያገኙት ውጤት እንዲለካ ተደረገ። መምህራንም ገንዘብ ወደሚያስገኘው አዘነበሉ፤ ሳይንስም ወደ ዳር ተገፋ። መንደርተኛው ልጅ ማንበብን ቢያገኝም መመርመርን አጣ።

እኛም ለፈተና የምንዘጋጅ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህን የምናነሣው በከንቱ አይደለም። ከመካከላችን ነገ መምህር የሚሆን አለ። ሕፃን «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀው፥ «ይህ በፈተና አይመጣም» ብሎ ዝም እንዳያሰኘው አደራ እንላለን።