ሪማስተሪንግ

«ሪማስተር ተደረገ» ሲባል ብዙዎቻችን ሙዚቃው እንደ አዲስ የተቀረጸ ይመስለናል። አይደለም። ዳግም ማሳተም የቆየውን ሥራ መልሶ ለገበያ ማውጣት ነው፤ ሪማስተሪንግ ደግሞ በማስተር ቴፕ ወይም በሸክላ ላይ ያለውን ድምፅ ለአዲሱ ኅትመት ማስተካከል፣ ማለትም ከፍታውን፣ የወፍራሙንና የቀጭኑን ሚዛን፣ ሽሽታውን (ከጀርባ «ሽሽ» የሚለውን ድምፅ)። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ዳግም ሲወጡ፣ ጣቶቹ ያው የእሳቸው ጣቶች ናቸው።

ታዲያ ሽሽታው ሙልጭ ብሎ ቢጠፋ ምን ይጎዳል? የሚል አይጠፋም። ፒያኖን ይጎዳል። ቁልፉ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ይሄድና መጨረሻው ላይ ከቴፑ ሽሽታ ጋር ይቀላቀላል፤ ሽሽታውን የሚያስወግደው ማጣሪያ ሲጠብቅ ሁለቱንም አብሮ ይቆርጣል። ከበሮና ሳክስፎን ባለበት ባንድ ውስጥ ይህ ላይሰማ ይችላል፣ ብቻውን በሚጫወት ፒያኖ ግን ዝምታው ራሱ ይቆራረጣል። ያልተቀረጸውን መፍጠርም አይቻልም፦ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጅዳ ላይ በሰም ሲሊንደር የተቀረጹትና ዛሬ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ያሉት የሒጃዝ ዜማዎች፣ ሰሙ ያልያዘውን ቀጭን ድምፅ የሚመልስላቸው መሣሪያ የለም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «ሪማስተር» ብቻ ከሚጻፍ፣ ከቴፕ ይሁን ከሸክላ፣ በማንና መቼ እንደተሠራ ቢጻፍ ለገዢው ይበጃል።